የሄድኩት ለብስኩቱ ነው

ቢርጉ ወደብ፣ ጁን 9 ቀን 1671

ይህ ደብተር ድሮ የነፋስና የጥልቀት መመዝገቢያዬ ነበር። የመርከብ መሪነቱን ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ግማሹ ገጽ ባዶ ነው፤ ወረቀት ደግሞ አይጣልም። የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የልጄ የጋሪታ ባል፣ ሚንኩ፣ ለዓሣ ከወጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ጀልባው ትናንት ኮሚኖ ደሴት አጠገብ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። መረቡ አለ፣ የውሃ ማሰሮው አለ፣ ሽንኩርቱ እንኳ ግማሹ ተገምጦ ቁጭ ብሏል። የሌለው ሚንኩ ብቻ ነው።

ማንም ሂድ አላለውም።

ጁን 10

ጋሪታ አታናግረኝም። ሾርባውን ታቀርባለች፣ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ጧ ታደርገዋለች፣ ትሄዳለች።

ጁን 11

ነገሩ ታወቀ። አንድ የጎዞ ደሴት ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ወንበዴዎች መርከብ ዘሎ፣ ዋኝቶ አመለጠ። ሦስቱን የዓሣ ጀልባዎች የዘረፈው የትሪፖሊው ወንበዴ አዛዥ ራይስ ሸዕባን ነው አለን። ሌሎቹን ለባሪያ ገበያ አስሯቸዋል፤ ሚንኩን ግን ትከሻውን አይቶ ወዲያው መቅዘፊያ ላይ አስቀምጦታል። ያ ትከሻ አንድ ቀን ሥራ ያገኛል ብዬ ስናገር የሰማኝ አልነበረም።

ሸዕባን በጋውን ሙሉ እዚሁ አካባቢ ሲያደን ይከርምና ኦገስት ሲያልቅ ወደ ትሪፖሊ ይገባል። ትሪፖሊ ከገባ በኋላ የሚንኩ ነገር አበቃ።

ከሰዓት በኋላ ጋሪታ ጉድጓዱ አጠገብ ለጎረቤታችን ስታወራ በመስኮት ሰማኋት።

"አባቴ ነው" አለች። "ራት ላይ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ 'የኛ ሚንኩ ዓሣ የሚያጠምደው የሚስቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ከሚታይበት ቦታ ነው፤ ገመዱ ከዓይኑ ከተሰወረ ያለቅሳል' አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። በነጋታው ገና ሳይነጋ ተነሳና ከኮሚኖ ወዲያ ሄደ።"

እንዲህ አላልኩም። "ያለቅሳል" አላልኩም፤ "ሆዱን ይቆርጠዋል" ነው ያልኩት።

ቀልድ ነበር።

ጁን 14

ዛሬ ካፒቴኑ ፍራ ኦዶን ዘንድ ሄድኩ። የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ባላባት ነው፤ 'ፍራ'፣ ማለትም ወንድም፣ የምንላቸው ለዚህ ነው፤ ቀጭን፣ ፈረንሳዊ፣ ጢሙን በሰም የሚያሾል። "ቅድስት ፌሊቺታ" የምትባለውን መርከብ እሱ ነው የሚያዛት። ሃምሳ መቅዘፊያ አላት፤ በየመቅዘፊያው አምስት ሰው።

"ዕድሜህ ስንት ነው?" አለኝ።

"ስልሳ፣ ጌታዬ።"

"የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ስትሰናበትም ስልሳ ብለህ አስጽፈሃል።"

"በቃሌ የምጸና ሰው ነኝ።"

አልሳቀም። "ምን ትሠራልኛለህ?"

"ሸዕባን ሦስት ጊዜ አምልጦዎታል። ለምን እንዳመለጠዎት አውቃለሁ።"

ጢሙን ማሾሉን ተወ።

"መርከብዎ በአፍንጫዋ ውሃውን ታርሳለች" አልኩት። "ረጅምና ቀጭን ናት፤ ሦስት ሰው ቦታ ቢቀይር ይታወቃታል። ጠላት በታየ ቁጥር ግን ባላባቶችዎ ቀድሞ ዘልሎ የመግባቱን ክብር ለመሻማት ተግተልትለው ወደ ፊት ይሮጣሉ። ሠላሳ ሰው፣ ከነጥሩሩ፣ ከነምሳው። አፍንጫዋ ይሰምጣል፣ ጅራቷ ይነሳል፣ ሸዕባን እየሳቀ ይሄዳል።"

"አንተ ልታስቀምጣቸው ነው?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ሳመዛዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። ባላባትም ጭነት ነው። ልዩነቱ፣ ይናገራል።"

ይህን ስል በሩ አጠገብ የነበረ አንድ ወፍራም ባላባት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካፒቴኑ እሱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ። ተቀጠርኩ።

ጁን 15

ለጋሪታ ነገርኳት። "የምሄደው ለብስኩቱ ነው፤ ያንቺ ሾርባ ጨው የለውም" አልኳት።

ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ፦ "ጥርስ የለህ፤ በምን ልትበላው ነው?"

ኋላ ከረጢቴን ስከፍት ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አገኘሁ። በጁን ወር።

ጁን 19

ባሕር ላይ። ወገቤ። ብስኩቱ ድንጋይ ነው። ጋሪታ እንዳትሰማ።

ጁን 22

ያህያ የሚባለው ቀዛፊ አሁንም በሕይወት አለ። የትሪፖሊ ሰው ነው፤ ከተማረከ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ የቀዛፊዎቹ አለቃ ሆኖ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሱ ቋንቋና የኔ ቋንቋ የአንድ አያት ልጆች ስለሆኑ መሰዳደብ አይቸግረንም። እግሩ በሰንሰለት ነው፣ አፉ ግን አልታሰረም።

"አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም አልሞትክም?"

"ቀባሪዬ አንተ እንዳትሆን ፈርቼ ነው።"

"ምን አመጣህ?"

"ብስኩቱ።"

ብስኩቱን አየ፣ አፌን አየ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የአማችህን ነገር ሰምቻለሁ። አላህ ያግዝህ። እኔም ትሪፖሊ ውስጥ እንዳንተ ያለ አማት ቢኖረኝ ኖሮ፣ ይኸኔ መጥቶልኝ ነበር።"

ብስኩቴን ሰጠሁት፤ እኔ የማኝክበት የለኝም። 

ጁን 25

ባላባቶቹን ማስቀመጥ አሳር ነው። "እባክዎን እዚህ ይቀመጡ" ስለው አንዱ፣ "እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ?" ይለኛል። ሌላው የኋላው ሰገነት የክብር ቦታ ስለሆነ ከዚያ አልነሳም ይላል። ጠላት ሲታይ ደግሞ ያ ሁሉ ክብር ወደ ፊት ይሮጣል።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና ጠዋት ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። በትልቁ የሸራ ምሰሶ ዙሪያ፣ በወለሉ ላይ፣ ሠላሳ ክብ ሠራሁ። በየክቡ ውስጥ ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሊያመጣው በሚችለው ፊት እንዲህ አልኩ፦

"በቀድሞዎቹ ታላላቅ ባላባቶች ዘመን፣ ጠላት ሲባረር ለምሰሶው የሚቀርበው በማኅበሩ የቆየው ሰው ነበር። ጀማሪዎቹ ከዳር ይተኙ ነበር። ዛሬ ይህ ልማድ መረሳቱ ያሳዝናል። ከክቡ የሚወጣ ሰው ደግሞ ራሱን ያሳፍራል።"

እንዲህ ያለ ልማድ ኖሮ አያውቅም። ነገር ግን እዚህ መርከብ ላይ "አልነበረም" ሊለኝ የሚችል ዕድሜ ያለው ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ለምሰሶው ማን ይቅረብ በሚል ተጨቃጨቁ። ሁለቱ ሰይፍ ሊማዘዙ ነበር። ማታ ሁሉም በክቡ ውስጥ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀመጠ። ካፒቴኑ ከላይ አየ፤ ጢሙ ተንቀጠቀጠ።

ያ ወፍራሙ ባላባት፣ ፍራ ሩጄሮ፣ ክብ አልበቃውም። "እኔስ?" አለኝ።

"እርስዎ፣ ጌታዬ፣ ክብ አያስፈልግዎትም። እርስዎ ሚዛኑ ነዎት። ሁለት ሳንቃ ያህል ወደዚህ ፈቀቅ ሲሉ መርከቧ ትሰማዎታለች።"

"ሃያ ዓመት ሰው ሲስቅብኝ ኖሬ" አለ "ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም አገኘሁ።"

ቀልዴን ነበር። እሱ ግን ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ያስቸግራል፤ ስታሾፍበት ያመሰግንሃል።

ጁላይ 3

ሸዕባንን ሊኖዛ ደሴት አጠገብ አገኘነው። አመለጠ።

ቀርበነው ነበር። ሠላሳዎቹም በክባቸው ውስጥ ነበሩ። መርከቧ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተች ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ ሮጠ። ያንን ያዩ ሁለት ጎረምሳ ባላባቶች ተከተሉት፣ እነዚያን ደግሞ ሌሎች ተከተሉ፣ አለቀ። አፍንጫዋ ውሃ ጠጣ።

ያ ሰው ማን እንደሆነ አልጽፍም።

ጁላይ 4

ያህያ፦ "ያ የሮጠው ሰው ራሰ በራ ነበር ይላሉ።"

"ራሰ በራ ብዙ አለ።"

"የሱፍ ካልሲም አድርጎ ነበር ይላሉ።"

ካፒቴኑ ባላባቶቹን ሰብስቦ፣ "መጀመሪያ የተነሳው ማን ነው? በመጀመሪያው ወደብ አራግፈዋለሁ" አለ። ከሰገነቱ ሆኖ የሁሉንም ጀርባ እንጂ ፊት አላየም። አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ ከፍቼ ነበር። ግን ፍራ ሩጄሮ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እግሬ ደንዝዞ ብድግ አልኩ።"

እሱን ማን ያራግፈዋል? መርከቧ ትገለበጣለች። ካፒቴኑ ስድቡን ሰድቦ ሄደ።

ፍራ ሩጄሮን፣ "ለምን ይህን አደረጉ?" አልኩት።

"ቀዛፊዎቹ ውስጥ አየኸው?" አለኝ።

"ማንን?"

በጣቱ ካልሲዬን አሳየኝ።

"አላየሁትም" አልኩ። "ሁሉም ራሱን ተላጭቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጀርባ ነው።"

ከእንግዲህ በሆዱ ላይ አላሾፍም። ቢያንስ እስከ እሑድ።

ጁላይ 19

የመጠጥ ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ሸዕባን የለም። ሙቀት። የሁለት መቶ ሃምሳ ቀዛፊ ሽታ ካፍንጫ አልፎ ዓይን ያቃጥላል። ሸዕባን ሳያየን የሚያሸተን ይመስለኛል።

ጁላይ 27

ዛሬ የልጅ ልጄን ስም ረሳሁ። ሙሉ ማለዳ። ኢምፔሪያ። ስድስት ዓመቷ ነው። በሄድኩ ቀን ወደብ ላይ፣ "አባባ፣ አባቴን ካገኘኸው አትሳቅበት እሺ?" ብላኛለች። ማን አስተማራት? እናቷ ናት።

ኦገስት እየመጣ ነው። ካፒቴኑ ብስኩቱ ሊያልቅ ስለሆነ ከአምስት ቀን በኋላ እንመለስ ይላል። በሕይወቴ ብስኩት እንዳያልቅ ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦገስት 1

ገና ጎህ ሲቀድ ላምፒዮኔ ከሚባለው ቋጥኝ ጀርባ አገኘነው። ነፋስ የለም፤ መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ጋር ብቻ።

ፍራ ሩጄሮ ዘንድ ሄጄ፣ "መታጠቂያዎን ያውሱኝና ከምሰሶው ጋር እሰሩኝ" አልኩት። "ራሴን አላምነውም።"

ጥብቅ አድርጎ አሰረኝ። ሲያስረኝ ግን ፊቴን ወደ ኋላ አዞረው፤ እኔም ጊዜ የለም ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ስለ ታላቁ ውጊያ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ ያየሁት የመርከባችንን ጅራትና የያህያን ጀርባ ነው።

"ሁለት ሳንቃ ወደ ኋላ፣ ጌታዬ።"

"በሆዴ ልሂድ ወይስ በጀርባዬ?"

"በሚቀልዎት።"

"የሚቀለኝ የለም" አለና ተንከባለለ። መርከቧ ብድግ ስትል በእግሬ ተሰማኝ። ሠላሳዎቹ በክባቸው ተኝተዋል፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ የጎረቤቱ ክርን ከክቡ አልፎ መጣብኝ ብሎ ይከሳል። ማንም አልተነሳም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማንም አልተነሳም። ያህያ ምቱን ሲያፋጥን ከአንገቱ የሚወርደው ላብ እንደ ዝናብ ነበር፤ የሚያሳድደው የገዛ አገሩን ሰዎች ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩትም። አሁን ነው የማስበው።

ከዚያ የፊቱ መድፍ ጮኸ። ፉጨት። ካፒቴኑ "አሁን!" አለ፤ ሠላሳዎቹ በላዬ ላይ ረግጠው አለፉ። ማን እንደረገጠኝ በጫማው አውቃለሁ። እንጨት ከእንጨት ተላተመ፣ ሰይፍ፣ ጩኸት፣ ጭስ። የሚፈታኝ ጠፋ። "ፍቱኝ!" እላለሁ፤ ማን ይሰማል። ምናልባት ሃያ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ያህል ቆየ። ከኛ አራት ሰው ሞተ። ከነሱ የበለጠ።

ጸጥ ሲል አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ ወደኛ ሊመለሱ ሆነ። ያኔ ከዚያኛው መርከብ፣ ከቀዛፊዎቹ መሃል፣ በኛ ቋንቋ አንድ ሰው ጮኸ።

"አትመለሱ! ማንም ወደ መርከባችሁ እንዳይመለስ! ትሪፖሊ ወረርሽኝ አለ፤ ስንቅ ያመጣልን ጀልባ ይዞት መጣ፣ እዚህም ሁለት ሰው ሞቶብናል!"

ድምፁን አወቅኩት፤ ሚንኩ ነው። ዝም ቢል ኖሮ እኮ በዚያች ደቂቃ ሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ከኛ ጋር ወይን እየጠጣ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ተናገረና ራሱ ላይ በሩን ዘጋ።

ካፒቴኑ ዘልለው የገቡት ሁሉ እዚያው እንዲቀሩ አዘዘ። በሬንጅ በተነከረ ረጅም ገመድ እንጎትታቸዋለን።

ያህያ ነው በመጨረሻ ያስታወሰኝ። "ጌቶቼ" አለ "ሽማግሌውን ፍቱት፤ ያለቅሳል።"

ጭሱ ነበር።

ኦገስት 2

ከጅራታችን ላይ ሆኜ ሚንኩን አየሁት፤ ከገመዱ ወዲያ ማዶ። ከስቷል። ራሱ ተላጭቷል፣ ጆሮው ትልቅ ነው፤ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልለው የፈለግሁት ሌላ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ "ሚንኩ! ራስህ ያለ ፀጉር እንቁላል ይመስላል!" የሚል ሆነ።

አየኝ።  ዞሮ ተቀመጠ።

ኦገስት 3

አሁንም አያናግረኝም። ስለ ጋሪታ ነገርኩት፣ ስለ ኢምፔሪያ ነገርኩት፣ ስለ ጀልባው ነገርኩት። ይሰማል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ አፉን አይከፍትም።

ያህያ ከምርኮኞቹ ጋር እንዳይነጋገር ተከልክሏል። "ስለ እናቴ ጠይቅልኝ" አለኝ። "ስሟ ዘህራ፣ ከዓሣ ገበያው በር ጎን የምትኖር።" ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ሚንኩ ተነስቶ በምርኮኞቹ መሃል አንድ በአንድ እየጠየቀ ዞረ። ብዙ ቆየ። ተመልሶ መጥቶ በእጁ አፉን ከልሎ፣ "በሕይወት አለች በለው! ዓይኗ ደክሟል እንጂ ደህና ናት! አሁንም ጎረቤት ትሳደባለች በለው!" አለ።

ለያህያ ነገርኩት። እየቀዘፈ፣ "ትሳደባለች ካለ እሷ ናት" አለ።

ሚንኩ ለያህያ ያን ሁሉ ቃል ተናገረ። ለኔ አንድም የለውም። ልክ ነው። ልክ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም ስለማያነበው።

ኦገስት 4

ገባን። የጤናው ሹም በጀልባ መጥቶ ከሩቅ ሆኖ ፈረደ፦ "ቅድስት ፌሊቺታ" ንጹሕ ናት፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ። የተማረከችው መርከብና በላይዋ ያሉት በሙሉ፣ ባላባት ሆነ ቀዛፊ፣ ማርሳምሸት ወደብ ውስጥ ባለችው ደሴት ለይቶ ማቆያ ይገባሉ፤ አርባ ቀን። የነካቸው ሰው አብሮ ይገባል። ደብዳቤ በአቼቶ ተነክሮ ይወጣል።

ጋሪታና ኢምፔሪያ በሌላ ጀልባ መጡ፤ ጠባቂዎቹ ከሩቅ አቆሟቸው። ጋሪታ ባሏን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሚንኩ እጁን አወዛወዘ፤ ኢምፔሪያ የአባቷን ራስ አይታ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እሱም ሳቀ።

ዳቦ ላቀብለው ብዬ ጠባቂውን ለመንኩት፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ታስሮ ማቀበል ይፈቀዳል። በትንሽ ጀልባ ቀረብን። ዘንጉን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ እግሬ አዳለጠኝና ወደቅሁ።

ሃምሳ ዓመት በባሕር ላይ ኖሬ ወድቄ አላውቅም፤ ግን ሽማግሌ ነኝ፤ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ትንሽ ተንቦጫረቅሁ። ሚንኩ ከመርከቧ ጎን ተንጠልጥሎ ወርዶ በሸሚዜ አንገት ያዘኝና እንደ ዓሣ ጎትቶ አወጣኝ።

"ነክቶሃል?" ብሎ ጮኸ የጤናው ሹም።

"ነክቶኛል፣ ጌታዬ። ምስክር አለ።"

"አርባ ቀን!"

"ምን ይደረግ። ሕግ ነው።"

ጋሪታ ከጀልባዋ ላይ፣ "አባዬ፣ ሆን ብለህ ነው!" አለች።

"እርጅና ነው፣ ልጄ።"

"ደረቅ መቀየሪያ ልብስህን አስቀድመህ ለጠባቂው ሰጥተኸው ነበር፤ አይቼሃለሁ!"

ይህች ልጅ ዓይኗ የእናቷ ነው።

ኦገስት 5፣ ማቆያው

አንድ ክፍል፣ ሁለት የሣር ፍራሽ፣ ግድግዳው ኖራ ነው። ፍራ ሩጄሮ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፤ ከሠላሳዎቹ ጋር ዘልሎ ነበርና፤ በግድግዳው በኩል ሲያንኮራፋ ይሰማል።

ሚንኩ ትናንት ማታ ለኔ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። ክፍሉን አየ፣ ፍራሹን አየ፣ እኔን አየ። "አርባ ቀን፣ ካንተ ጋር" አለ። "ሸዕባን ይሻለኝ ነበር።"

ከኔ ቀልዶች ሁሉ ይበልጣል። አልነገርኩትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኛ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሰንሰለቱ ቁስል አለ። አየሁት። መተኛቱን አረጋገጥኩና፣ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ ያህል፣ "ያን ቀን ራት ላይ ያልኩት ነገር፣ ሚንኩ፣ ባልናገረው ኖሮ ይሻል ነበር። ይቅር በለኝ" አልኩ።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "አልሰማሁም፣ አባባ" አለ።

ደገምኩት።

"አሁንም አልሰማሁም። ያን ቀን ራት ላይ እኮ ጮክ ብለህ ነበር የተናገርከው።"

ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ "ሆዱን ይቆርጠዋል" ሳይሆን "ያለቅሳል" እንዳልኩም ጭምር። ፍራ ሩጄሮ ማንኮራፋቱን አቆመ። ከውጭ ጠባቂው በሩን ደበደበ፤ "ምንድን ነው? የታመመ ሰው አለ?"

ሚንኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ይሁን ሌላ፣ ከጀርባ አይታወቅም።

"ማንም አልታመመም" አለው ለጠባቂው። "አማቴ ነው። ተወው፤ ገና አልጨረሰም።"